ሦስት ቱርቦ በአንድ ማዳበሪያ

የባጃጁ ሹፌር ጭኔ ላይ ያለውን ነገር በመስታወቱ ደጋግሞ አየው። ጥቁሩ ፌስታል ተቀዶ የብረቱ ጥምዝ ጀርባ ብቅ ብሏል።

“እህቴ፣ ምንድን ነው እሱ? ቀንድ አውጣ ነው?”

“ቱርቦ ነው።”

“ከሐይቁ ያወጣሽው መስሎኝ!” ብሎ ሳቀ። “የምን መኪና ነው?”

“የአክስቴ።”

“አንቺ ነሽ የምትገጥሚው?”

ራሴን ነቀነቅኩ፤ አዎ ልበል አይደለም ልበል እኔም አላውቅም። ከብረቱ አፍ የሚንጠባጠበው ጥቁር ዘይት ቀሚሴ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ክብ ሠርቷል። እኔ ግን የማስበው ስለ ቀሚሴ አልነበረም። መለዋወጫ የሚሸጡት ሐጂ ሱቅ ደርሼ የምናገረውን ከጋራዡ ጀምሮ በልቤ እየደጋገምኩት ነበር። “ከዚህ ከፍ ያለ እንድገዛ ተልኬ ነው፤ ግን ከፍ ያለ የሚያስፈልገን አይመስለኝም።” ሁለተኛውን ግማሽ አፌ እንደማያወጣው ከወዲሁ አውቄዋለሁ።

የተማርኩት ሜካኒካል ምህንድስና ነው፤ እዚሁ ሀዋሳ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የምኖረው አክስቴ ቤት ነው። የመመረቂያ ሥራችንን ስናቀርብ የእኔን ድርሻ የተናገረልኝ የቡድናችን ልጅ ነበር። እኔ ጎኑ ቆሜ ስላይዱን እያሳለፍኩ ነበር፤ ስሌቱን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ። አክስቴ ከአዳራሹ ስንወጣ፣ “ያ ልጅ ያንቺን እንጀራ በአፉ በላው” አለችኝ። ስለ ምህንድስና አንዲት ቃል አታውቅም፤ ማን ምን እንደሠራ ግን ከሰው ፊት ታነባለች። ነጋዴ ናት።

ባህል አዳራሽ አካባቢ የቤት ዕቃ ትሸጣለች። በሳምንት ሁለት ቀን ሳፋውን፣ ሳሙናውን፣ ባልዲውን ባለሁለት ጋቢና ፒክአፗ ላይ ጭና እስከ ቡሹሎ ድረስ ላሉ ትናንሽ ሱቆች ታደርሳለች። የምትነዳው ራሷ ናት። ባሏ በሕይወት ሳለ እንኳ ከጎኗ የሚቀመጠው እሱ ነበር። ሴት ሹፌር አይተው የሚገላምጧትን፣ “ምን ታያለህ? መሪው ይበላሃል?” ትላቸዋለች።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ረፋድ ላይ አደባባይ ስንገባ ነው። የአክስቴ የበኩር ልጅ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠናል። አክስቴ ክፍተት አይታ ነዳጅ ረገጠች። መኪናው ጥቁር ጭስ ተፋና ባለበት አቃሰተ። ከግራ አንድ ሚኒባስ ጥሩንባውን እያስጮኸ መጣ። እኛ መሀል መንገድ ላይ እንደ በሬ ተገትረናል። ሚኒባሱ ተጠማዞ ሲያልፍ ስፖኪዮአችንን ገንጥሎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ፣ ምንም በማያስፈልግበት ሰዓት፣ መኪናው ድንገት ዘሎ ተወረወረ።

አክስቴ ዳር ይዛ ቆመች።

“እማዬ፣ በቃ” አለ ልጇ።

“ምኑ ነው በቃ?”

“መንዳቱ። እግርሽ ዘግይቷል። መኪናው አይደለም፣ አንቺ ነሽ።”

ክፉ ልጅ አይደለም። ፈርቶ ነው። ቤት ስንደርስ ግን ትርፉን ቁልፍ ከመሳቢያው አንስቶ ኪሱ ከተተ፤ ገዢ እንደሚፈልግም ተናገረ። አክስቴ ስትለምን አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ለመነች።

“መካኒኩ ጋሼ ይዩልኝ። ተሠርታም እንዲህ ካደረገችኝ ቁልፉን በገዛ እጄ እሰጥሃለሁ። አንድ ዕድል።”

እሱም “አንድ” አለ።

እኔ ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም። ከኋላ የተቀመጥኩት በሰያፍ ስለነበር የአክስቴ እግር ይታየኝ ነበር። እግሯ አልዘገየም። ፔዳሉ ወለሉን ነክቶ ነበር፤ የዘገየው ሞተሩ ነው። ይህን ለማለት አፌን የከፈትኩ መስሎኛል፤ የአክስቴ ልጅ ዞር ብሎ ሲያየኝ ግን መልሼ ዘጋሁት።

በቀጣዮቹ ሦስት ቀናት ከአክስቴ ጎን እየተቀመጥኩ ደብተር ያዝኩ። መኪናዋ የሞተሩን ዙር የሚያሳይ ቀስት አላት። በየመንገዱ ቀስቱ የት እንደሚደርስ፣ ጉልበቱ መቼ እንደሚመጣ ጻፍኩ። ከተማ ውስጥ ባጃጁ፣ ብስክሌቱ፣ አህያው፣ የሚሻገረው ተማሪ አለ፤ ቀስቱ ከሁለት ሺህ አያልፍም። ቱርቦው፣ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ እየዞረ አየር የሚገፋለት ብረት፣ የሚነቃው ግን ሦስት ሺህ ሊሞላ ሲል ነው። ይህ ማለት አክስቴ በምትነዳበት መንገድ ቱርቦው ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል ማለት ነው።

“ምንድን ነው የምትጽፊው? ትራፊክ ሆንሽ እንዴ?” ትለኛለች አክስቴ።

“የሞተሩን ዙር ነው፣ እቴቴ።”

“ጻፊ። ብቻ እንዳትቀጪኝ።”

ጋሼ የምንላቸው መካኒክ የአክስቴን መኪና ከድሮ ጀምሮ የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው፣ ቱርቦውን ፈትተው፣ መሀሉ ላይ ያለውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዘው ወዘወዙት። እንደ ላላ ጥርስ ተንቀሳቀሰ።

“ሳምባዋ አልቋል” አሉ። “ካልቀረ ሰፊ ሳምባ እንስጣት። ትልቅ ቱርቦ ይግባ።”

ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሁሉ ተስማሙ። ትልቅ ነገር ማን ይጠላል?

እኔ የማልናገረውን እጽፋለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብዬ ለጋሼ ስለ ቱርቦው መዘግየት ሁለት ገጽ ጽፌ፣ ከሥሩ የመስመር ሥዕል ጨምሬ ሰጥቻቸው ነበር። “አነበዋለሁ፣ ልጄ” ብለው ቱታቸው ኪስ ከተቱት። ቱርቦው በተፈታበት ጠዋት ወረቀቴን የተቃጠለ ዘይት ጣሳ ሥር ተነጥፎ አገኘሁት። ጣሳው ሥዕሌ መሀል ላይ ክብ ማኅተም አትሞበታል። አልተቀየምኳቸውም። ዓይናቸው ለቅርብ ንባብ እንደማያግዛቸው የገባኝ በኋላ ነው።

እንዲህ ነው ፌስታሉን ይዤ ባጃጅ ውስጥ የገባሁት።

የሐጂ ሱቅ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ብረት ነው። እዚያ ዕቃ የሚጠየቅበት መንገድ አንድ ነው፦ የተበላሸውን ይዞ መሄድ። ሳምፕል ይባላል። ሐጂ ያዩታል፣ ይዳስሱታል፣ ከዚያ መሰላል ላይ ወጥተው አምሳያውን ያወርዳሉ። በዚህ ዘዴ ሲሳሳቱ ያየ የለም ይባላል። ፌስታሉን ተቀበሉኝ፤ አውራ ጣታቸውን ቱርቦው አፍ ውስጥ ከተው ለኩ።

“ከዚህ ከፍ ያለ ነው ያሉሽ?”

“አዎ” አልኩ። የተለማመድኩት ነገር እዚያው ሞተ።

ሐጂ ትልቁን አውርደው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። “ይህ ከገባላት፣ አክስትሽ አዲስ አበባ ሄዳ ቁርሷን በልታ ትመለሳለች።”

ሁለቱ ቱርቦዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አሮጌው ራሱ ትንሽ አልነበረም። የእኛ ሞተር ያን የሚያህል ነገር ተሸክሞ መኖሩ ያኔ አስገረመኝ። ጥላሸት ከሸፈነው ጎኑ ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ሳህን አየሁ።

“ሐጂ፣ ትንሽ ቤንዚን ይኖርዎታል? ብሩሽም።”

“ልትገዢ ነው ወይስ ልታጥቢ የመጣሽው?” አሉ፤ ግን ሰጡኝ።

በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። ቀስ በቀስ ፊደልና ቁጥር ወጣ። ደብተሬ ላይ ገለበጥኩትና በቀጭን ድምፅ፣ “ይቺ ቁጥር የየትኛው ሞተር እንደሆነች የሚታይበት መጽሐፍ አለ?” አልኩ።

ሐጂ ትንሽ አሰቡና ጎንበስ አሉ። መጽሐፉ ነበር። የባንኮኒው አንድ እግር አጭር ስለሆነ ሥሩ መደገፊያ ሆኖ ነበር። ሲያወጡት ባንኮኒው ዘመመ፤ ብሎኖቹ ወደ አንድ ጥግ ተንከባለሉ። አቧራውን አራግፌ ቁጥሩን እስካገኝ ብዙ ቆየሁ። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው በትከሻዬ በኩል አነበቡ።

“ይህ የናንተ አይደለም” አሉ። “የጭነት መኪና ነው። ሞተሩ የናንተን ሁለት እጥፍ ሊያህል ትንሽ ነው የቀረው።” ከዚያ አሮጌውን አገላበጡት። “ማነው ግን ይህን የሸጠላችሁ?” ጺማቸውን ዳሰሱና ሳቅ አመለጣቸው። “እኔ እንዳልሆን ብቻ!”

የተፈጠረውን በኋላ አክስቴ አስታወሰች። ከዓመታት በፊት የመኪናዋ የራሱ ቱርቦ ተሰባብሮ ነበር፤ የዚያን ጊዜ የሠሩላት የሌላ ጋራዥ ሰዎች ለሳምፕል የሚሆን ቅርጽ አልተረፈም ብለው፣ ጋራዡ ውስጥ ከቆመ ሌላ መኪና ቱርቦ ተውሰው ወደ ሱቅ ላኩ። ሱቁም እንደወጉ አምሳያውን ሰጠ፤ እሱም ዘንጉ እስኪላላ ድረስ እንደምንም ሲገፋ ኖረ። ሱቁ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ሳምፕሉ ነው። እኛም ዛሬ ያንን የተሳሳተ ሳምፕል ይዘን፣ ከእሱ የባሰ ትልቅ ልንገዛ ነበር።

በመጽሐፉ ውስጥ ለእኛ ሞተር የተጻፈው ቁጥር ያለው ቱርቦ ሐጂ ዘንድ ነበር። ከመደርደሪያው ታች ጥግ አወጡት። ጀበና ያህላል።

“ጋሼ ይህን ቢያዩ ይሰድቡኛል” አልኩ። ለራሴ የተናገርኩት መስሎኝ ነበር።

“እንግዲያው ሦስቱንም ውሰጂ” አሉ ሐጂ። “ያልተገጠመው ይመለስልኛል። አይተው ይሳደቡ።”

ሦስቱን በማዳበሪያ አሰሩልኝ። ስመለስ ያገኘሁት የባጃጅ ሹፌር ሌላ ነበር። ማዳበሪያውን ሲያነሳ፣ “ድንች ነው?” አለ፤ ከዚያ ክብደቱን ሲያይ ሌላ አልጠየቀም።

ጋራዡ ስደርስ አክስቴ ባዶ የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጣ ቆሎ ትቆረጥማለች። ልጇም ከሥራ አምልጦ መጥቷል፤ ግድግዳውን ተደግፎ ስልኩን ያያል። ጋሼ ማዳበሪያውን ፈቱ። ትልቁን አነሡና ደስ አላቸው። ትንሹን አነሡና ግንባራቸው ተቋጠረ።

“ይህ ምንድን ነው? የሞተር ሳይክል ነው?”

ሠራተኞቹ ሳቁ። ፊቴ ጋለ። ከዚህ በፊት ቢሆን ወደ ኋላ እመለስና ጋሼ የመረጡት ይገጠም ነበር። አሁን እንዲያ ከሆነ ግን መኪናው አደባባዩ ላይ እንደገና ይተኛል፤ አክስቴ ቃሏን የምታጥፍ ሴት ስላልሆነች ቁልፉን ትሰጣለች። የዘገየው እግሯ እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

“ጋሼ” አልኩ። ማንም ስላልሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። “ጋሼ፣ እፍ ይበሏቸው።”

“ምን?”

“ጭሱ በሚገባበት በኩል። መጀመሪያ ትልቁን፣ ከዚያ ትንሹን። እፍ ይበሉና ማራገቢያው ሲዞር ይዩት።”

ጋሼ አክስቴን አዩ። አክስቴ ቆሎዋን ቆረጠመችና፣ “እፍ ይበሏ፣ ምን ይጎዳዎታል?” አለች።

ትልቁን አንሥተው ነፉ። ጉንጫቸው እንደ መለከት ነፊ ተነፋ። ማራገቢያው ሩብ ያህል ዞረና ቆመ። ደግመው ነፉ፤ እንደዚያው ነው። ትንሹን አነሡና ቀለል አድርገው እፍ አሉበት። ማራገቢያው ተሽከረከረ። አፋቸውን ካነሡም በኋላ እየተሽከረከረ ቆየ።

“እስቲ አምጡት!” አለ አንዱ ሠራተኛ። ትልቁን ሞከረው፤ ሌላው ነጠቀው። “አንተ ሳምባህ በጫት አልቋል፣ ስጠኝ!” ተባባሉ። የአክስቴ ልጅም ሳይቀር ስልኩን ኪሱ ከትቶ ትልቁን ነፋ። ፊቱ ቀላ፤ አልዞረለትም።

ያን ጊዜ ቃሉ መጣልኝ። “የከተማ መንገድ ትንሽ ጭስ ነው የሚሰጠው፣ ጋሼ። በትንሽ ጭስ የሚዞር ቱርቦ ነው የምንፈልገው። ትልቅ ወናፍ ለሕፃን ቢሰጡት፣ ወናፉን እስኪያነሣው ድረስ ፍሙ ይጠፋል። አደባባዩ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። እቴቴ ረግጣ ነበር። አይቻለሁ። የዘገየው እግሯ አይደለም።”

የመጨረሻውን ያልኩት ለጋሼ አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። አክስቴ መቆርጠሟን አቆመች።

ጋሼ አሮጌውን ቱርቦ አገላብጠው ያጠብኩትን ሳህን በጣታቸው ዳሰሱ፤ የሐጂን መጽሐፍ ነገርኳቸው። ሞተሩ ላይ ቱርቦው ከሚያርፍበት ቦታ አንድ የተበየደ ቁራጭ ብረት ነበር። እስካሁን የድሮ ስብራት ጥገና መስሏቸው ኖሯል።

“ያ ብየዳ ለዚህ ነበር እንዴ!” አሉ። “የሰው እጅ በግድ ሰክተውብሽ ኖሯል፣ እትዬ!” ወደ እኔ ዞሩ። “ትንሿ ትግባ። ግን ካልሆነ የምትፈቻት አንቺ ነሽ።”

“እሺ” አልኩ። ማለቴም ነበር።

የተበየደውን ብረት ሲያነሡት ትንሹ ቱርቦ ቦታው ላይ ልክክ አለ። እኔ ዘይት የሚያመጣላትን ቀጭን ቱቦ ፈትቼ ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት፤ የተቃጠለ ዘይት ሊዘጋው ምንም አልቀረውም። በአዲስ ተቀየረ። ዘይቱም፣ ማጣሪያውም ተቀየረ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ቱርቦዋ ውስጥ በትንሽ ማንቆርቆሪያ ንጹሕ ዘይት ጨመርኩላት። ጋሼ ቆመው አዩኝ፤ ማንቆርቆሪያውንም ተቀብለው ራሳቸው አስቀመጡልኝ።

“አሮጌውን የገደለው ጥማት ነው” አልኳት አክስቴን። “ከረጅም መንገድ መጥተሽ ወዲያው ስታጠፊው፣ ቱርቦው ገና እየጋለና እየዞረ ሳለ ዘይቱ ይቋረጥበታል፤ የቀረውም ቱቦው ውስጥ ያራል። ስትቆሚ ሁለት ደቂቃ ያህል ሳታጠፊ ጠብቂ።”

“እንደ እንግዳ ነው በይኛ” አለች። “ከመቀመጫው አይሸኝም፤ እስከ በር ነው።”

ከዚያ ሦስታችን ወጣን። አክስቴ መሪ ላይ፣ ልጇ ከጎኗ፣ እኔ በዚያው በሰያፍ ቦታዬ። አዲስ ስፖኪዮ ገና ስላልገባ አክስቴ አንገቷን አውጥታ እያየች ነበር። አደባባዩ ጋ ስንደርስ መኪናው በዝቷል። ባጃጆች እንደ ንብ ይዞራሉ። ክፍተት መጣ፤ አክስቴ ግን አልገባችም። ሌላም መጣ፤ አልገባችም። እጇ መሪው ላይ ጠብቋል። እሷም ራሷን ጠርጥራ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ከኋላ ጥሩንባ ተነፋ።

“እቴቴ” አልኩ፣ “ግቢ።”

ረገጠች። ቀጭን ፉጨት ሰማሁ፤ ወዲያው ቀስቱ ሁለት ሺህ ሳይደርስ መኪናው ጀርባችንን ከወንበሩ ጋር ለጠፈው። ጭስ የለም፤ ማቃሰትም የለም። ባጃጆቹ መሀል ገብተን፣ ዞረን፣ ወጣን። አክስቴ ሳቀችና ተመልሳ ገባች። ዞረች። ሦስተኛ ጊዜ ስትዞር ዳር የቆመው ትራፊክ ፖሊስ ፊቱን ወደ እኛ አዞረ።

“እማዬ፣ ይበቃል፣ ያስቆመናል!” አለ ልጇ፤ ግን እየሳቀ ነው።

ወደ ቡሹሎ በሚወስደው ክፍት መንገድ ላይም ሞከርናት። ጥንቁቅ ልሁንና እውነቱን ልጻፍ፦ በፍጥነት በኩል ምንም አልጨመረችም። ዳገቱ ጫፍ ላይ አሮጌው ቱርቦ ከነቃ በኋላ ይገፋ የነበረውን ያህል ላትገፋም ትችላለች።

“ሩጫ አልጨመረችም እኮ” አለ ልጇ።

“ሩጫ የጠየቀ አለ?” አለች አክስቴ። “ስጠራት አቤት ትበለኝ እንጂ።”

ስንመለስ ሱቁ ደጃፍ ቆመች። እጇ ወደ ቁልፉ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ። ሁለቱ ደቂቃ ትዝ ብሏት ነው። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ተቀመጥን። ልጇ በሩን ከፈተ፤ አንድ እግሩን አወረደ፤ ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተና ትርፉን ቁልፍ አውጥቶ ከፊት መስታወቱ ሥር ክሩስኮቱ ላይ፣ አክስቴ ይዛው በመጣችው ቆሎ አጠገብ አስቀመጠው። በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወደ ሱቁ ገባ።

አክስቴ ቁልፉን ለአፍታ አየችው። ከዚያ አነሣችውና ሳትዞር በትከሻዋ በላይ ወደ ኋላ ዘረጋችልኝ።

“መንጃ ፈቃድሽ መሳቢያ ውስጥ ሻገተ አይደል? ሐሙስ ቡሹሎ አንቺ ነሽ የምትነጂው። ደግሞ ለጋሼ ያን ወረቀት አንብቢላቸው፤ ‘ልጅቷ በአፏ ትንገረኝ፣ ዓይኔ ደክሟል’ ብለውኛል።”

ቁልፉን ተቀበልኩ። በእጇ ሙቀት ሞቋል።

“አሁን ላጥፋው?” አለች።

“ትንሽ ቆዪ፣ እቴቴ” አልኩ። ጮክ ብዬ ነበር ያልኩት።